የኪራይ ጋዜጣ ዘመን

የፕሬስ አዋጁ በ1985 ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር፣ እስክንድር ነጋ «ኢትዮጲስ» ጋዜጣን ይዞ ብቅ አለ። እኛ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተደርድረን በሳንቲም ተከራይተን ነበር የምናነበው፤ ከዘገየህ አከራዩ አናትህ ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። ቀለሙ ጣት ያጠቁራል፣ ርዕሱ ይጮኻል። መቼም የዚያን ዘመን ወሬ ሁሉ ተጣርቶ የወጣ ነበር አልልም።

የእስክንድርን ባለቤት ሰርካለም ፋሲልን ሰው የሚያነሳት በባሏ ስም ነው፤ ይኼ አይዋጥልኝም። «ምኒልክ»፣ «አስኳል» እና «ሳተናው» የሚታተሙት በእሷ ድርጅት ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ጋዜጦቹ ተዘጉ፣ ባልና ሚስት ታሰሩ። ልጃቸውን የወለደችው እስር ላይ ሆና ነው። በ1999 ሲፈቱ ጋዜጣ ማሳተም ተከለከሉ።

እስክንድር ኢንተርኔት ላይ መጻፉን ቀጠለ። መስከረም 2004 ጋዜጠኞች በፀረ ሽብር ሕጉ መታሰራቸውን ተችቶ በጻፈ በቀናት ውስጥ እሱም ተያዘ። ሚያዝያ ላይ የፔን አሜሪካን ሽልማት ኒው ዮርክ ሄዳ የተቀበለችለት ሰርካለም ናት፤ ሐምሌ ላይ 18 ዓመት ተፈረደበት። የካቲት 2010 ተፈታ። ኋላ ፖለቲካ፣ ከዚያም የትጥቅ ትግል ውስጥ ገባ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።