መልካ ኢትዮጵያ

መልካ ኢትዮጵያ (ቀድሞ መልካ ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመ አገር በቀል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሚሊዮን በላይ (ዶ/ር) ናቸው።

ድርጅቱ በይበልጥ የሚታወቀው «ሰኚ» በተባለው የወጣቶች መርሐ ግብሩ ነው። ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ጫካ ውስጥ ይሰነብታሉ፤ አስተማሪዎቻቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ባህላዊው ሥርዓት ከእነርሱ ይሰማሉ። በባሌና በሸካ የተካሄደው ይህ ሥራ ያለ ትምህርት ቤትና ያለ ወላጅ ይሁንታ አንድ እርምጃ አይራመድም።

በሸካ ደን ላይ የሻይና የቡና እርሻ ሲስፋፋ መልካ የመረጠው መንገድ ጥናት ነበር። በፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ አርታኢነት የደኑን ሥነ ምሕዳርና ባህል የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ደኑም እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዘገበ። እንዲህ ያለውን የምዝገባ ጥያቄ ለዩኔስኮ የሚያቀርበው መንግሥት በመሆኑ፣ ከባለሥልጣን ጋር ተኳርፎ እዚህ መድረስ ባልተቻለም ነበር።

ይሁንና ከመንግሥት ጋር የነበረውን ትብብር ሁሉ የበጎ ፈቃድ ውጤት አድርጎ ማየት የዋህነት ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። ትምህርትና ልማት ግን ክፍት ነበሩ። ክልከላው የተነሣው፣ እንደዚሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።