ስንቅም ትጥቅም የሆነ ጠመንጃ

የሩቅ መንገደኛ ከቤቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ሁለት ነገር ነው፤ እነርሱም ስንቅና ትጥቅ ናቸው። ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ ለሚጓዝ ግን ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ስንቁ ሲያልቅ የሚመግበው፣ አውሬ ሲመጣበትም የሚያድነው ያው በእጁ የያዘው ጠመንጃ ነውና። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚበጀው ጠመንጃ ምን ዓይነት ነው? ይህን ለመመርመር የኖርዌዩን ተጓዥ የፍሪትዮፍ ናንሰንን ታሪክ መርጠናል።

ናንሰን በ1885 ዓ.ም. ፍራም በምትባል መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ጉዞ ጀመረ። መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ ስትንሳፈፍ እስከ ዋልታው እንደማታደርሰው በተረዳ ጊዜ፣ በመጋቢት 1887 ዓ.ም. ያልማር ዮሐንሰን ከሚባለው ባልንጀራው ጋር ከመርከቢቱ ወርዶ በበረዶው ላይ ተጓዘ። ከእነርሱም ጋር 28 ውሾች፣ 3 የበረዶ ጋሪዎችና 2 ትንንሽ ታንኳዎች ነበሩ። በሚያዝያ መጀመሪያ ከ86 ዲግሪ በላይ ደረሱ፤ ከእነርሱ በፊት እስከዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ከዚያም ወደ ደቡብ ተመለሱ።

ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ፣ ነጭ ድብ ወዳለበት አገር የሚሄድ ሰው ከሁሉ ይልቅ ኀይለኛውን ጠመንጃ መያዝ አለበት ብለው ነበር። ናንሰን ግን እንዲህ አላደረገም። እያንዳንዳቸው አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ያዙ፤ አንደኛው አፈሙዝ ለትልቅ አውሬ እርሳስ፣ ሁለተኛው ለወፍ ረሽ የሚተኩስ ነበር። ሁለቱ ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ስለ ነበሩ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ጥይቱ ለሌላው ያገለግላል። የያዙትም 180 ያህል የእርሳስና 150 ያህል የረሽ ጥይት ነበር።

የዚህ ምርጫ ጥቅም ወዲያው ታየ። ለራሳቸው የጫኑት ስንቅ ለመቶ ቀን ያህል የሚበቃ ሲሆን፣ ጉዞው የፈጀው ዐሥራ አምስት ወር ነው። አባቶቻችን አድዋ ላይ በዘመቱበት በ1888 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ሰዎች በፍራንዝ ዮሴፍ ምድር በድንጋይ በሠሩት ጎጆ ውስጥ፣ ገድለው ያከማቹትን የድብና የዋልረስ ሥጋ እየበሉ ክረምቱን አሳለፉ። በሰኔ ወርም ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አግኝተው ዳኑ።

ይሁን እንጂ መልካም ጠመንጃ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። በ1887 ዓ.ም. ክረምት ዮሐንሰንን ድብ መትቶ ሲጥለው፣ የናንሰን ጠመንጃ በሽፋኑ እንዳለ በታንኳው ላይ ነበር። ዮሐንሰን የድቡን ጉሮሮ አንቆ ሲታገል፣ ውሾቹም አውሬውን ሲያውኩ፣ ናንሰን እንደ ምንም ጠመንጃውን አውጥቶ ከድቡ ጆሮ ኋላ ተኮሰና ገደለው። በችኮላ የተኮሰው በረሹ አፈሙዝ ነበር፤ ከቅርብ ስለ ነበረም በቃው።

የጥይት ነገርም በአገራችን የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ውጅግራ የያዘ መንገደኛ ጥይቱን በየገበያው ለማግኘት ተስፋ ነበረው። ጥይቱ በአገር የማይገኝ ጠመንጃ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ከዱላ አይሻልም።

ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋሙት፣ በካናዳ ሰሜናዊ ምድረ በዳ የሚዘዋወሩት ሬንጀርስ የተባሉት ጠባቂዎች ሊ ኤንፊልድ የተባለውን ጠመንጃ ለሰባ ዓመት ያህል ይዘዋል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በአዲስ ሲተካም፣ የተመረጠው እንደ ቀድሞው መቀርቀሪያው በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ነው። ሥራው ቀላል የሆነ መሣሪያ በብርድና በአቧራ ቶሎ አያስቸግርምና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው፤ ለምድረ በዳ የሚሆን ጠመንጃ ለብዙ ሥራ የሚበቃ፣ ጥይቱ የማይቸግር፣ አሠራሩም ቀላል የሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በጭንቅ ሰዓት ከእጅ የማይርቅ መሆን አለበት። ናንሰንን ኖርዌይ ላይ በጥንቃቄ የመረጠው ጠመንጃ ጠቀመው፤ ባልንጀራውን ግን ሊያሳጣው የነበረው በታንኳው ላይ የተቀመጠው ያው ጠመንጃ ነው።