የጣና አሳ ጸደይ መቼ ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፣ የሌላችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

አንድ አብሮ አደጌ አሜሪካ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። ባለፈው ፎቶ ላከልኝ፣ ክንዱን የሚያክል አሳ ይዞ ቆሟል። "በረዶው ቀለጠ፣ ጸደይ ገባ፣ የአሳ ማጥመጃው ጊዜ ተከፈተ" ይላል። ደውዬ ሳወራው፣ እዚያ አንዳንዱ የአሳ ዓይነት በሚራባበት ወቅት በሕግ ተዘግቶ ይቆይና ግንቦት ላይ ይከፈታል አለኝ። ከዚያ በፊት አንድ የያዘ ሰው ይቀጣል። ከዚያ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ "እዛ ጣና ላይስ? አሁን ጸደይ አይደል፣ አሳው እንዴት ነው?"

የታሪክ መምህር ነኝ፣ የአሳ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ጥያቄው አላስተኛኝም። ስቆፍር ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ሐይቁን ራሱን እንየው። ጣና ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱ ግን በጣም ቢበዛ 14 ሜትር። ሰፊ ገበታ ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ቁጠሩት። በረዶ የለው፣ የሚቀልጥ ነገር የለው። ስለዚህ የጓደኛዬ "ጸደይ" እዚህ አይሠራም። የጣና አሳ የሚነቃው በሙቀት ሳይሆን በዝናብ ነው። የጣና አሳ ጸደይ ክረምት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ሦስት ዓይነት አሳ ገበያ ላይ ታያላችሁ፣ ጠባያቸውም ለየቅል ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የምትሉት) የዳርቻ አሳ ነው፣ ደንገሉና ሳሩ አካባቢ። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። እሱን ለመያዝ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ማታ ዳር ላይ መረብ ጥሎ ጠዋት ማንሳት ነው። አምባዛ የጭቃና የሌሊት አሳ ነው። ክረምት ላይ ፎገራና ደምቢያ ሜዳ በውሃ ሲሞላ ወደ ተጥለቀለቀው ሣር እየወጣ ይራባል። የፎገራ ልጆች ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ውሃው ሲጎድል ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን በእጅ ያልያዘ ማን አለ?

ሦስተኛው ነው ጉዱ። ሳይንቲስቶች ባርበስ ሲሉት የቆዩት ትልቁ ባለ ቅርፊት አሳ። ይሄ የእኛ ብቻ ነው። ጢስ እሳት ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ከታች ያለው የአባይ አሳ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ከላይ የቀረው ሐይቁ ውስጥ ተዘግቶ፣ ብቻውን ተባዝቶ፣ 15 ዝርያ ሆነ። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው፣ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ውስጥ ተመሳሳይ ቤተሰብ ነበር፣ እሱ ጠፍቷል። በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ነው።

ይህ አሳ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ማለቴ ሁሉም ዝርያ አይደለም፣ ሰባቱ ናቸው በደንብ የተረጋገጠው። መጀመሪያ የጉማራ፣ የርብ፣ የግልገል አባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ገባር ፈልገው ይጥሉና ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። እንግዲህ አስቡት። ሐይቁ ሙሉ ተበትኖ የከረመ አሳ፣ ሆዱ እንቁላል ተሸክሞ፣ አንድ ጠባብ በር ላይ ተሰልፎ ቆሟል። በሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ነው የሚያነሳው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። ይህንን አሳ ለዘመናት ማን ያጠምደው ነበር? ነገደ ወይጦ። ጉማሬ አዳኝ፣ ታንኳ ሠሪ፣ አሳ አጥማጅ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ ጎንደር ሲመጣ ያነሳቸዋል፣ የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው። ዛሬ ቋንቋው የለም፣ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጉማሬ ስለሚበሉ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው አይበላም ነበር። እነሱ ግን ሙስሊሞች ነን ይላሉ።

ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ ካየ በኋላ በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ታንኳቸው ጽፏል። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በየጥቂት ወሩ አዲስ ይሠራል። ማዕበል አይችልም። ስለዚህ ከዳር ብዙ አይርቅም። ወጥመዱም ትንሽ፣ መረቡም አጭር፣ ከ15 እስከ 20 ሜትር። የሚያዘውም በአብዛኛው ቆሮሶ ነው። ወንዝ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው አሳ የሚያሰክሩ ነበሩ። ይሄኛው መጥፎ ነው፣ አላቆላምጠውም፤ ትልቁንም ትንሹንም ይገድላል። ግን በጥቅሉ ሲታይ የሐይቁ መሀል ለባርበስ የተተወ ነበር። ሕግ አውጥቶ የዘጋው የለም፣ ታንኳው አላደረሰም እንጂ።

ታዲያ በ1986 እ.ኤ.አ. (በእኛ 1978 አካባቢ መሆኑ ነው) የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ መጣ። ያመጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድስ የአሳ አጥማጆች ከተማ የመጣ መንፈሳዊ ድርጅት፣ ከቤተ ክርስቲያናችንና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ድሃውን ልርዳ ብሎ ነው። ከ77ቱ ረሃብ በኋላ ማንስ ቢሆን አሳ እንዳይጠመድ ይፈልግ ነበር? መረቡ ግን 100 ሜትር ነው፣ ሞተሩም የትም ይደርሳል። ብዙም ሳይቆይ ሰው ብልሃቱን አገኘ፦ ነሐሴና መስከረም ላይ ወንዝ አፍ።

ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ያለውን ሲያነጻጽሩ ባርበሱ በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ትንንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ያህል። የሚጠመደው ትልቁ ሆኖ ሳለ ትንሹ ለምን በለጠ? እናቲቱ ሳትጥል ስለተያዘች ነዋ። ቆሮሶ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎ ይተካል። ባርበስ ግን ዘግይቶ ነው ለመራባት የሚደርሰው።

በ1995 ዓ.ም. የፌዴራሉ የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዘገበ። በመሀል እምቦጭ ገባ፣ የእሱን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። አዋጁ ወረቀት ላይ አለ። ነሐሴ ላይ ግን ድልድይ ዳር ሆዱ የተወጠረ አሳ በገመድ ተሰክቶ ሲሸጥ አይቻለሁ። አይቻለሁ ብቻ ሳይሆን ገዝቼ ቤቴ ወስጃለሁ። ልጆቼ እንቁላሉን ሲያዩ ደስ አላቸው። ያን ጊዜ ምን እንደያዝኩ አላወቅኩም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሳስተምር ፓፒረስ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጀልባ ሳልኩ። "ፓፒረስ ማለት ከአባይ ዳር የሚበቅል ተክል ነው" ምናምን እያልኩ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እሱኮ ደንገል ነው። አባቴ ይሠራል። የሣሉት ግን ይሰምጣል፣ አፍንጫው ቀና ማለት አለበት።" ክፍሉ ሳቀ። ከየት ሰፈር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ሳቁም ስለ ሥዕሉ አልነበረም። እኔም ፈገግ ብዬ "እሺ ተቀመጥ" አልኩና ወደ ፈርዖኖቹ ቀጠልኩ።

ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻም ትምህርቱን ተወ።

አባቱን ዘንድሮ ሐይቅ ዳር አገኘኋቸው። የጓደኛዬን ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት። "አባባ፣ ድሮ ክረምት ላይ ወንዝ አፍ አታጠምዱም ነበር?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ክረምት ንፋሱ ታንኳ ይገለብጣል፣ ማን ይወጣል? ዳር ዳሩን ነበር። አሁን ባለ ሞተሩ ይወጣል፣ እኛ ስንደርስ አሳው የለም" አሉኝ። ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ባሕር ዳር የቀን ሥራ ላይ ነው አሉ። መምህሩ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። "እንዲያ ነው?" ብለው ደንገላቸውን ማሰር ቀጠሉ። እኔም የምለው ጠፋኝና ጫፉን ያዝኩላቸው። በእርግጥም አፍንጫው ቀና ይላል።

ለጓደኛዬ የጻፍኩለት መልስ ባጭሩ ይሄ ነው፦ የእኛ ጸደይ ሐምሌ ነው፣ የእናንተ በር ሲከፈት የእኛ መዘጊያው ደርሷል፣ ዘጊ ግን የለም።

የርብ፣ የጉማራ፣ የመገጭ አካባቢ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ጠይቁልኝ። ድሮ አሳው ወንዙን ሲወጣ እስከ የት ድረስ ይታይ ነበር? የትኛው ገባር ላይ? የቦታውን ስም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ እየሰበሰብኩ ነው።