ከአሳላፊ ወረቀት እስከ ኮምፒዩተር፤ የንድፍ ሌየሮች አደረጃጀት አጭር ታሪክ

የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ሲሠራ ግንበኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውና የቧንቧ ሠራተኛው ከአንዱ የወለል ፕላን የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ግንበኛው የግድግዳውን ውፍረት፣ ሁለተኛው የመብራቱን ቦታ፣ ሦስተኛው የውሃውን መግቢያና መውጫ ይሻል። ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ቢሰፍር መስመር በመስመር ላይ ተደራርቦ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ለየብቻ ቢነደፍ ደግሞ የአንዱ ከሌላው ጋር መጣጣም አጠራጣሪ ይሆናል። በኮምፒዩተር የሚነድፉ ባለሙያዎች «ሌየር» የሚሉት ንብብር ለዚህ ችግር የተገኘ መፍትሔ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሌየር ከእጅ ንድፍ የተወረሰ የሥራ ሥርዓት መሆኑን ማስረዳትና ከዚህ ታሪክ ለማስተማር ሥራ የሚገኘውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሽል በ1842 የፈለሰፈው ሰማያዊ የፎቶግራፍ ኅትመት ከጊዜ በኋላ ለንድፍ ማባዣ ሲውል፣ በአሳላፊ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ የተሠራውን ንድፍ በብርሃን አማካይነት ማባዛት ተቻለ። ሆኖም የወለሉ ፕላን በተለወጠ ቁጥር ፕላኑን መነሻ ያደረጉት የኤሌክትሪክና የቧንቧ ንድፎችም እንደገና መገልበጥ ነበረባቸው። ይህን ድካም ለመቀነስ በ1970ዎቹ በአሜሪካ የሚገኙ የንድፍ ቢሮዎች በእርጥበት ምክንያት በቀላሉ የማይሳብና የማይኮማተር የፖሊስተር ፊልም ይጠቀሙ ነበር። የየፊልሙ ጠርዝ በእኩል ርቀት ይበሳና ችንካር ባለው የብረት ዘንግ ላይ ይሰካል። ግድግዳው በታችኛው ፊልም፣ መብራቱና ቧንቧው ከላይ በሚነጠፉት ፊልሞች ላይ ይነደፋል። ለኅትመት ጊዜ የሚፈለጉት ብቻ ተመርጠው ይደራረባሉ። እንግዲህ የሌየር አሳብ ከነሙሉ ጥቅሙ በእጅ ንድፍ ዘመን ይሠራበት ነበር ማለት ነው።

በኮምፒዩተር በኩል ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያቀረበው «ስኬችፓድ» ሰው በብርሃን ብዕር በስክሪን ላይ መንደፍ እንደሚችል አሳየ። በ1982 ደግሞ «አውቶካድ» የተባለው ፕሮግራም ለገበያ በመዋሉ በኮምፒዩተር መንደፍ ወደ አነስተኛ ቢሮዎች መዝለቅ ቻለ። በዚህ ፕሮግራም አንድን ሌየር ማጥፋት ማለት ከስክሪኑ መሰወር እንጂ መሰረዝ አይደለም። ማቀዝቀዝ የሚባለው ትእዛዝ ሌየሩን ከመሰወሩም በላይ ኮምፒዩተሩ ንድፉን እንደገና ሲያሰላ እንዲያልፈው ስለሚያደርግ ጊዜ ይቆጥባል። መቆለፍ ደግሞ ሌየሩ እየታየ እንዳይነካ ይጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሌየርን ብዛት ሲያቀል ስምምነትን አላስገኘም። «ማይክሮስቴሽን» በተባለው ፕሮግራም እስከ 2001 ድረስ አንድ ፋይል የሚይዘው በቁጥር የሚታወቁ 63 ሌየሮችን ብቻ ነበር። ግድግዳ የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚወስነው ግን ቢሮው ነው። በአንዱ ቢሮ ግድግዳን የሚያመለክተው ቁጥር በሌላው በርን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ከውጭ የመጣ ንድፍ ያለ ቁልፍ መዝገብ አይነበብም ነበር። ስለዚህ የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት በ1990 የሌየር አሰያየም መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት የስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሙያ ዘርፉን ያመለክታል፤ «ኤ» ለሥነ ሕንፃ፣ «ኢ» ለኤሌክትሪክ፣ «ፒ» ለቧንቧ ሥራ ማለት ነው። በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ ኤስ ኦ 13567፣ ደግሞ ማንኛውም ስም ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ የተነደፈው የሕንፃ ክፍል ምን እንደሆነና እንዴት እንደተገለጸ እንዲያመለክት ደነገገ።

ይህ ታሪክ የቴክኒክ ንድፍ ለሚያስተምሩ መምህራንና ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። በአውቶካድ «0» የሚባለው ሌየር በማንኛውም ፋይል ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል፤ ሊሰረዝም ስሙ ሊለወጥም አይችልም። ሌላ ሌየር መክፈት ያልተማረ ጀማሪ ሁሉንም በዚሁ ላይ ይነድፋል። ሥራው በስክሪን ላይ የተስተካከለ ቢመስልም፣ ቧንቧውን ብቻ ለይቶ ማውጣት የሚፈልግ ሌላ ባለሙያ መስመሮቹን አንድ በአንድ ለመልቀም ይገደዳል። ስለዚህ ትእዛዛቱ ከመጠናታቸው በፊት የአከፋፈሉ ምክንያት ቢጠና ይመረጣል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስት ተማሪዎች የራሳቸውን የመማሪያ ክፍል ግድግዳ፣ መብራትና የዕቃ አቀማመጥ በሦስት አሳላፊ ወረቀቶች ላይ በአንድ ልኬት ነድፈው በመስኮት ብርሃን ፊት ይደራርቧቸው። ማዕዘኖቹ ካልገጠሙ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ወረቀት ሌላ ክፍል ያለ ተማሪ ሳይጠይቅ የሚረዳው ስም እንዲሰጡ ይደረግ። ይህን የለመደ ተማሪ ወደ ኮምፒዩተር ሲቀርብ የሚቀረው ትእዛዙን ማወቅ ብቻ ይሆናል።