ድብርት እና ድባቴ

«ደብሮኛል» የማይል የግቢ ተማሪ የለም። ፈተና ሲደራረብ፣ እሑድ ከሰዓት ዶርሙ ጭር ሲል ይደብራል፤ ጓደኛ መጥቶ ቡና እንጠጣ ሲል ይለቃል። ይህ ድብርት ነው። ድባቴ ግን ሕመም ነው። ሁለቱን ቃላት ቀላቅለው የሚጠቀሙ ሐኪሞችም አሉ፤ እኔ መለየቱን እመርጣለሁ።

ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ በየዕለቱ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ለ2 ሳምንት ሲዘልቁ ነው። ከ5ቱ አንዱ የግድ የስሜት መጨለም ወይም ይወዱት ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። የቀሩት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር እና ሞትን ደጋግሞ ማሰብ ናቸው።

የሚያሳዝነኝ፣ ግቢ ውስጥ ይህ ሁሉ «ስንፍና» መባሉ ነው። ሚል ካርዱ ኪሱ ውስጥ እያለ ካፌ የማይወርድ፣ ሀንድአውቱን ከፍቶ ከመጀመሪያው ገጽ የማያልፍ ልጅ «አልጠነከረም» ተብሎ ይመከራል። እሱም ያምናል፤ ራስን መውቀስ የሕመሙ አካል ነውና። ክሊኒክ ቢሄድ እንኳ የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱ ነው።

ድባቴ በምክክርም በመድኃኒትም ይታከማል፤ መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋል። የዶርም ጓደኛችሁ ስለ ሞት ካወራ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።