ለቆየ የክርን ህመም የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ህክምና፦ ምን ይጠቅማል? ምንስ አይጠቅምም?

ቴኒስ ኤልቦ በክርን የውጭ ጎን ላይ የሚሰማ የጅማት ህመም ነው። ስሙ ከቴኒስ ጨዋታ ይምጣ እንጂ አብዛኞቹ ታማሚዎች ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ አካባቢ እጅን የሚያደክሙት ሥራዎች ሌሎች ናቸው፦ አጨዳ፣ እንጨት ፈለጣ፣ ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ ቡና መውቀጥ፣ ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ጀሪካን ማመላለስ። ህመሙ ከ100 አዋቂዎች ከ1 እስከ 3 የሚሆኑትን ይይዛል። በብዛት የሚታየው ከ35 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

በአጭሩ፦ የኤሌክትሪክ ህክምና ህመሙን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ የተጎዳውን ጅማት ግን አይጠግንም። ጅማቱን የሚያጠነክረው ክብደቱ ቀስ በቀስ የሚጨምር የእጅ እንቅስቃሴ ነው።

ህመሙ ከምን ይመጣል?

የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱ ጡንቻዎች በክርን የውጭ ጎን ካለው የአጥንት ጉብታ ጋር በጅማት ይያያዛሉ። ዕቃ አጥብቀን በያዝን ቁጥር ይህ ጅማት ይወጠራል። ጫናው ከአቅሙ በላይ ሲደጋገምበት ይጎዳል፤ ራሱን ለመጠገንም ጊዜ ያጣል። ህመሙ ሲቆይ ዋናው ችግር የጅማቱ መዳከም ነው። እጅን ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው፤ ያልሠራ ጅማት ይበልጥ ይደክማል።

ጀበና ሲያነሱ፣ ጨርቅ ሲጨምቁ ወይም ሰው ሲጨብጡ ጉብታው ላይ የሚጀምርና ወደ ክንድ የሚወርድ ህመም ዋናው ምልክት ነው። ሐኪሙ ቦታውን በመጫንና የእጅ አንጓን በማስገፋት ይለየዋል። አብዛኛውን ጊዜ ራጅ አያስፈልግም።

የኤሌክትሪክ ህክምናው እንዴት ይሰጣል?

በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ቴንስ ይባላል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። ተለጣፊ ንጣፎች በሚያመው ቦታ ዙሪያ ይለጠፋሉ፤ ከዚያ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ በቆዳ በኩል ያልፋል። የሚሰማው ስሜት የመንዘር ዓይነት ነው፤ ማሳመም ወይም ማቃጠል የለበትም። አንዱ ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል።

አሠራሩን ለመረዳት፣ የተመታ ቦታን ስናሸው ህመሙ ለምን ቀለል እንደሚለን ያስቡ። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የንክኪ መልእክት በአከርካሪ ውስጥ ያለውን “በር” በመያዝ የህመሙን መልእክት ያዳክማል። ቴንስም ይህንኑ መንገድ ይጠቀማል። የሚሠራው በህመሙ ስሜት ላይ ስለሆነ መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ህመሙ ሊመለስ ይችላል።

አልትራሳውንድና ሾክ ዌቭ የሚባሉት ህክምናዎች በድምፅና በግፊት ሞገድ የሚሠሩ ናቸው፤ ከኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ይለያሉ። የታዘዘልዎ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥናት ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት 241 የቴኒስ ኤልቦ ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ምክርና የእንቅስቃሴ መመሪያ ብቻ አገኘ፤ ሌላው በዚያ ላይ ቴንስ ተጨመረለት። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። ነገር ግን ቴንስ የተጨመረላቸው ከሌሎቹ የበለጠ አልተሻላቸውም።

ይህ ማለት መሣሪያው ፈጽሞ አይረዳም ማለት አይደለም። ህመሙ እንቅስቃሴውን ለመጀመር ካላስቻለዎ ወይም እንቅልፍ ከነሳዎ ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያግዝ ይችላል። ከባኮ ወይም ከጌዶ አዲስ አበባ እየተመላለሱ፣ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ እየከፈሉ፣ ሥራ ፈትተው የሚወስዱት ህክምና ግን አይደለም። እንቅስቃሴ ሳያስተምሩ ኤሌክትሪክ ብቻ ለሚያስቀምጡልዎ ተደጋጋሚ ቀጠሮ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት “ቤት የምሠራው እንቅስቃሴ የትኛው ነው?” ብለው ይጠይቁ።

መርፌውስ?

የስቴሮይድ መርፌ በጥቂት ቀናት ውስጥ ህመሙን ስለሚያጠፋ ብዙዎች ይመርጡታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት 54 በመቶ ያህሉ ላይ ህመሙ ተመልሷል። ባዶ መርፌ ከተወጉት የተመለሰባቸው 12 በመቶ ብቻ ናቸው።

ቴንስ ለማን አይሆንም?

• የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በሰውነታቸው ውስጥ ለተገጠመላቸው
• ንጣፉ የሚለጠፍበት ቦታ ቁስል፣ ካንሰር ወይም የደም ሥር መርጋት ላለባቸው
• በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ቆዳቸው ለደነዘዘ፤ ሳያውቁት ሊቃጠሉ ይችላሉና

ነፍሰ ጡሮችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። ንጣፎቹን አንገት ላይ ወይም ደረት ላይ አይለጥፉ።

ቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ

1. ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ መዳፍዎ ወደ ታች ይሁን፤ እጅዎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይለፍ።
2. በሌላኛው እጅዎ የታመመውን እጅ ከላይ ይጫኑት፤ የታመመው እጅ ሳይንቀሳቀስ ይቋቋም። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይቆዩ። 5 ጊዜ ይድገሙ።
3. ይህ ሲቀልልዎ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ሞልተው ይያዙ። በደህናው እጅ እያገዙ ወደ ላይ ያንሱት፤ ከዚያ በታመመው እጅ ብቻ በዝግታ ያውርዱት። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ በየሁለት ቀኑ ይሥሩ።
4. ከ2 እና ከ3 ሳምንት በኋላ ክብደቱን በጥቂቱ ይጨምሩ።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያምዎ አይፍሩ። ህመሙ በማግስቱ ጠዋት ካልበረደ ግን ክብደቱን ይቀንሱ። ለውጥ ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ህክምና በአንድ ዓመት ገደማ ይሻለዋል።

በዚህ ጊዜ ሥራውን መቀየር ባይቻል አያያዙን መቀየር ይቻላል። ዕቃ ሲያነሱ መዳፍዎን ወደ ላይ አዙረው ወደ ሰውነትዎ ያስጠጉ። ጀሪካኑን በከፊል ይሙሉት። ከባድ ልብስ ሲጨምቁ ሰው ያግዝዎ። የማጭድና የመጥረቢያ እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠምጥመው ያወፍሩት።

በአምቦ ፍል ውሃ መታጠብ ጡንቻን ያፍታታል፤ ደስ ካለዎ ይቀጥሉ፣ እንቅስቃሴውን ግን አይተካም። ወጌሻ ጋር ሄዶ ክርንን አጥብቆ ማሳሸትና ማስጎተት ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል አይመከርም። የህመም ማስታገሻ ክኒን ለረጅም ጊዜ በራስዎ አይውሰዱ፤ በተለይ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብዎ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ልሂድ?

በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ካስፈለገ በሪፈር ወረቀት ወደ አምቦ ሆስፒታሎች ይላካሉ። የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ። የሚከተሉት ከታዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፦

• ክርኑ አብጦና ቀልቶ ትኩሳት ካለ
• ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ ክርኑን ማጠፍ ወይም መዘርጋት ካቃተዎ
• ጣቶችዎን ማቃናት ካልቻሉ፣ ወይም እጅዎ ከደነዘዘና ከዛለ
• ህመሙ ከአንገት ተነስቶ ወደ እጅ የሚወርድ ከሆነ

ለ12 ሳምንት በትክክል ሠርተው ለውጥ ካላዩም ተመልሰው ይታዩ። ምን ያህል ጊዜ፣ በምን ክብደት እንደሠሩ ጽፈው ቢሄዱ ሐኪሙ ቀጣዩን እርምጃ በቀላሉ ይወስናል።