ከጋፋት ሠረገላ እስከ ትንሿ የራዲዮ መኪና

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በፎገራ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር ሲዘልቅ፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የደብረ ታቦርን ዳገት ይይዛል። ሜዳው ጉማራና ርብ ከደጋው ጠርገው ባመጡት ደለል የተሠራ ነው። አፈሩ ጥቍር ዋልካ ሲሆን በክረምት እንደ ሙጫ ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለሩዝ እጅግ የተመቸው ይህ አፈር ለመንኰራኵር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በሐምሌ ወር በዚያ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የዛሬው ንግግራችንም ስለ መንኰራኵር ነው፤ ይኸውም በራዲዮ ስለምትታዘዝ፣ በአንድ እጅ ስለምትነሣ ትንሽ የእሽቅድድም መኪና።

«ቀኑን ሙሉ በመዝገብ መካከል ለዋለ ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ይነገረዋልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ታሪኩን ይስማና ይፍረድ። ባለፈው በጋ በወረታ ከአንድ ዘመዴ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና ከውጭ አገር ተልካ መጥታ ስትፈተሽ ተመለከትሁ። አባትየው ከካርቶኑ አውጥቶ ባትሪዋን አስገባ፤ ልጁም ቃታውን እስከ መጨረሻው ሳበ። መኪናይቱ እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ ተገለበጠች፣ ከስንጥቅ ገባች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ሞተሯ ግሎ ቆመች። አባትየው «የፈረንጅ ዕቃ ለኛ መሬት አይሆንም» ብሎ ፈረደ። ልጁ ግን ከሽቦና ከቆርኪ ራሱ የሠራትን መኪና አንሥቶ በዚያው ስንጥቅ ላይ እየነዳ ወጣ። እርሷ የሄደችበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ጎማዋ ባዘነበለ ቍጥር በጣቱ ሲያቃናት ስለ ኖረ ነው።

ይህ ነገር በዚያ አገር አዲስ አይደለም። ከወረታ በምሥራቁ መንገድ ብትወጡ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋትን ታገኛላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ጥበበኞችን በዚያ አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መድፉ ቀልጦ መሠራቱን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ መጓዙን አደንቃለሁ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። በመቶ የሚቈጠር ሰው ሠረገላውን ሲጐትት፣ ገደሉ ሲናድ፣ መንገዱ ሲደለደል፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከሠራዊታቸው ጋራ ድንጋይ ሲያነሡ ወራት አለፉ። መንኰራኵሩ ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ የቀረው እርሱንና መሬቱን ማስማማት ነበር፤ ያም ከመሥራቱ ያላነሰ ድካም ጠየቀ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣው አውቶሞቢልም ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተጓዘው ለእርሱ ባልተሠራ ምድር ላይ ነው።

ወደ ራዲዮው እንመለስ። ይህን ንግግር ወደ ቤታችሁ ያደረሰው ሞገድ ከድምፅ ሌላ ትእዛዝም ይሸከማል። ኒኮላ ቴስላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ በሰው ፊት አንዲት ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ከሩቅ አዘዘ። ተመልካቹ በጣም ከመደነቁ የተነሣ በውስጧ የሠለጠነ ዝንጀሮ ተደብቋል እስከ ማለት ደርሶ ነበር ይባላል። ጥበቡ ከጀልባ ወደ መኪና ወርዶ ለገበያ እስኪበቃ ግን ብዙ ዘመን ቈየ። በ1966 በኢጣልያ፣ በሬጆ ኤሚልያ ከተማ ያለ አንድ የመጫወቻ ፋብሪካ የፌራሪን አምሳል በ12 እጅ አሳንሶ በራዲዮ የሚነዳ አድርጎ አወጣ። የጃፓኑ ታሚያ በ1976 ፖርሼ 934ን በዚያው ልክ ሠራ፤ አምሳሉን ለማግኘት እውነተኛ ፖርሼ ገዝተው ፈታትተው መርምረዋታል። በ1984 ደግሞ የአሜሪካው አሶሺዬትድ በዐፈር ላይ ለመሽቀዳደም የታሰበችውን አር ሲ 10 አወጣ፤ ሻሲዋ ከአሉሚንዮም፣ ንዝረት አብራጇም ዘይት የሞላበት ነበር። በዚያን ዘመን ሁለት ሰዎች በአንድ ሞገድ ቢያዝዙ የአንዱ መኪና ለሌላው ትታዘዝ ነበርና ተወዳዳሪዎች በአንቴናቸው ላይ ባለ ቀለም ሰንደቅ ያስሩ ነበር። ከ2000 ወዲህ የተስፋፋው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራው መሣሪያ ይህን ጭንቀት አስቀርቶታል።

ስለዚህ ከዘመዴ ጋራ ተቀምጠን ያደረግነውን ልንገራችሁ። አስቀድመን ስለ መሬቱ ተከራከርን። መኪናይቱ ከእውነተኛው በ18 እጅ ያነሰች ናት፤ እንግዲህ 3 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ ለእርሷ እንደ 54 ሳንቲሜትር ቋጥኝ ነው፤ 4 ሳንቲሜትር ስንጥቅም 72 ሳንቲሜትር ቦይ ይሆንባታል። በዚህ ላይ መኪናን መውቀስ ግፍ ነው። ወደ ማሳም አትሂዱ፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በብዙው ስፍራ ጓያ ስለሚበቅልበት መሬቱ ባዶ ቢመስል ባዶ አይደለም። ገረጋንቲ የፈሰሰበትን የግቢ ክፍል ጠረግን፣ ትልልቁን ጠጠር ለቀምን፣ ውኃ ረጭተን ረገጥን። የመሮጫውን ዳር በገመድ ከለልን።

ቀጥሎ መኪናይቱን ጎማዋ መሬት እንዳይነካ በትንሽ ሣጥን ላይ አስቀመጥናት። ሲበራ መጀመሪያ መቈጣጠሪያው፣ ኋላ መኪናይቱ፤ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ መኪናይቱ መሆን አለባት፤ አለዚያ አዛዥ አጥታ ልትሮጥ ትችላለች። እያንዳንዱን ጎማ በጣት አዞርን፤ አንደኛው እየከበደ ስለ ዞረ ኩሽኔታውን አውጥተን አቧራውን በብሩሽ ጠረግን። መሪውን ሳንነካ ስንነዳት ወደ ግራ ታዘነብል ነበር፤ በመቈጣጠሪያው ላይ ባለችው ማስተካከያ እያቃናን በቀጥታ እንድትሄድ አደረግናት። ብዙ ጀማሪ ይህን ትቶ ስለ ፍጥነት ይጨነቃል፤ ቀጥ ብላ የማትሄድ መኪና ግን በፈጠነች መጠን ግድግዳውን ቶሎ ታገኘዋለች እንጂ ሌላ ጥቅም የላትም።

የሆዷ ከፍታ ከፊትና ከኋላ እኩል መሆኑን በማስመሪያ ለካን። ጠጠር ላለበት መሬት ጥቂት ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ከመጠን ካለፈ ግን በመታጠፊያ ላይ ትገለበጣለች። ከዚያ በኋላ አንድ ስንዝር ከማይሞላ ከፍታ ለቀቅናት፤ ስትወድቅ እንደ ኳስ ከነጠረች ሞላው ጠንክሯል፣ ሆዷ መሬት ከመታ ደግሞ ላልቷል። የኋላ ጎማዎች ከፊታቸው በኩል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ቢመለከቱ መኪናይቱ ቀጥ ብላ ትጸናለች፤ የፊቶቹ ለጀማሪ ትይዩ ይሁኑ። ሞተሩን ያጋለው ነገር የተገኘው በጥርሶቹ ላይ ነበር። የሞተሩ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ ጋራ ተጣብቆ ነበር። በመካከላቸው የደብተር ወረቀት አስገብተን ብሎኑን አጠበቅን፤ ወረቀቱ ሲወጣ የሚቀረው ክፍተት በቂ ነው። ሞተሩ እንደገና ጣት እስከማያስነካ ቢግል የጥርሱ ቍጥር ያነሰ መለወጥ ነው።

ለልጁ የፍጥነቱን ኃይል ከግማሽ ላይ አሰርንለት። መኪናይቱ ከእርሱ ስትርቅ ቀኙ ቀኝ ነው፤ ወደ እርሱ ስትመለስ ግን ቀኙ ግራ ይሆንበታል፤ ጀማሪን ሁሉ የሚያስተው ይህ ነው። ሁለት ጣሳ አቁመን በስምንት ቍጥር ቅርጽ እያዞራት ብዙ ቀን ተለማመደ። ከዚያም የአምስት ደቂቃ ውድድር አደረግን፤ ብዙ ዙር የጨረሰ ያሸንፋል። አባትየው በኃይል እየነዳ አራት ጊዜ ተገለበጠ፤ ልጁ ቀስ ብሎ ሳይገለበጥ ጨረሰና በሁለት ዙር በለጠው።

አንድ ሕግ ግን አጥብቀን ያዝን፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥም፤ የተለወጠውም ከቀኑና ከዙሩ ቍጥር ጋራ በደብተር ይጻፋል። ሞላውንና ጎማውን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናው ብትሻል የትኛው እንዳሻላት አያውቅም። (መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይሥቅ ይሆናል፤ ዘመዴም ሥቋል።) ባትሪዋ የሊትየም ከሆነች በእያንዳንዷ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ አትሙሏት፣ ከ3 ቮልት በታችም አታውርዷት፤ ስትሞላም ብቻዋን ትታችኋት አትሂዱ፤ እሳት ታስነሣለችና።

ሰኔ ሲገባና ዋልካው መያዝ ሲጀምር ባትሪው ወጥቶ በክፍሉ 3.8 ቮልት ያህል ተደርጎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። መኪናይቱ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጋ፣ ጎማዋ እንዳይጨፈለቅ በሣጥኗ ላይ ከፍ ብላ ትከርማለች። ደብተሩም አብሯት ይቀመጣል። በጥቅምት መሬቱ ሲደርቅ ግቢው እንዳምናው አይሆንም፤ ጎርፍ ጠጠሩን ወስዶ ደለል አምጥቶ ይሆናል። ልጁ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ፣ የሆዷን ከፍታ በማስመሪያ ለክቶ፣ ከዚያው ይጀምራል።